የማዕድን ማውጫን ጎርፍ በማቆያ ኩሬ መቆጣጠር፦ ከልኬት እስከ ደለል ጠረጋ

«ኩሬው ስንት በስንት ይሁን?» ይህ ጥያቄ አይለቀኝም። የሚጠይቁኝ ክፍት ማዕድን ማውጫ ላይ ያሉ የሳይት መሐንዲሶች፣ ፎርማኖች፣ አንዳንዴም ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የደነገጡ ኮንትራክተሮች ናቸው። ለሁሉም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፤ ስንት ውሃ ይመጣባችኋል? በስንት ሰዓትስ ይወጣላችኋል?

ሁለቱ ካልታወቁ ርዝመትና ወርድ መናገር ግምት ነው። የማቆያ ኩሬ ጎተራ አይደለም፤ ሞልቶ መቀመጥ የለበትም። ጎርፉን ይቀበላል፣ ደለሉን ያስቀምጣል፣ ውሃውን ቀስ አድርጎ ይለቃል፣ ከዚያ ባዶ ሆኖ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። ትላንት ያልፈሰሰ ኩሬ ዛሬ የለም ማለት ነው።

ከታች ያሉት ደረጃዎች በአንድ ምሳሌ ላይ የተሠሩ ናቸው። አፈሩ የተገፈፈ 40 ሄክታር ሳይት አለን እንበል። የኩሬው መመዘኛ ዝናብ በ24 ሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ እነዚህን ልብ በሉ

ይህ መመሪያ ከ4 ሜትር ላልበለጠ የአፈር ግድብ ነው። ከዚያ ከፍ ካለ፣ ወይም ግድቡ ቢሰበር ውሃው ሰው ወዳለበት ቦታ የሚወርድ ከሆነ፣ ቁመቱ ምንም ይሁን ምን የግድብ መሐንዲስ ይንደፈው።

የማዕድን ማጠቢያ ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ግድብ ሌላ ነገር ነው። የሁለቱን ውሃ አታቀላቅሉ።

ድንጋዩ ውስጥ ፓይራይት (ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን) ካለ ውሃው አሲድ ሊሆን ይችላል። ኩሬ ደለል እንጂ አሲድ አያስቀርም። የፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ ሳትይዙ ሥራ አትጀምሩ።

ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ውሃ ምን ያህል መጥራት እንዳለበትና ኩሬው ለየትኛው ዝናብ መብቃት እንዳለበት የሚወስነው የአካባቢያችሁ ሕግ ነው። ብዙ ቦታ ኩሬው በ10 ዓመት አንዴ ለሚጠበቅ የ24 ሰዓት ዝናብ ይነደፋል፤ የአደጋ ጊዜ ማስተንፈሻው ደግሞ ከዚያ ለሚበልጥ። የራሳችሁን አጣሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሳይቱ የከፍታ መስመር ካርታ፣ ቢቻል ከ1 ሜትር ባልራቀ የመስመር ልዩነት
- የአካባቢው የዝናብ መረጃ፦ የ24 ሰዓት መጠንና የሰዓት ጥንካሬ
- ቶታል ስቴሽን ወይም ሌቭል (ከፍታ የሚለኩ የቅየሳ መሣሪያዎች)፣ ካስማና ቀለም
- ኤክስካቫተር፣ ዶዘር፣ ጥርሳም ሮለር (ሺፕፉት የሚባለው)፣ ውሃ የሚረጭ ቦቴ
- ለግድቡ የሚሆን ሸክላነት ያለው አፈር
- ቋሚና አግድም ቱቦ፣ ኮንክሪት፣ ቆሻሻ የሚይዝ የብረት ፍርግርግ
- የታጠበ አሸዋና ጠጠር፣ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ፣ ለንጣፍ የሚሆን ጠንካራ ድንጋይ
- የዝናብ መለኪያ፣ የፒኤች መለኪያ፣ ግልጽ የላስቲክ ጠርሙሶች
- አጥር፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ ተንሳፋፊ ቀለበትና ገመድ

1. ንጹሑን ውሃ ከቆሻሻው ለዩ

ካርታውን ዘርጉና በሁለት ቀለም ሥሩ። ከሳይቱ በላይ ካለው ያልተነካ መሬት የሚመጣው ውሃ ንጹሕ ነው፤ ሰማያዊ። የተገፈፈውን መሬት፣ የተረፈ ድንጋይ ክምሩን እና የገልባጭ መኪና መንገዱን አቋርጦ የሚመጣው ቆሻሻ ነው፤ ቀይ።

ሰማያዊው ኩሬያችሁ ውስጥ መግባት የለበትም። ከቁፋሮው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍራችሁ ዙሪያውን አሳልፉት። ከጠቅላላው ሥራ ገንዘብ የሚያተርፈው ይህ ነው። ከላይ ያለው 30 ሄክታር ንጹሕ መሬት ሳይቀለበስ ቢቀር፣ በማያቆሽሽ ውሃ የተነሳ ኩሬውን ልታሰፉ ነው።

የመኪና መንገዱን አትርሱት። ጎማ የፈጨው አፈር እንደ ዱቄት ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎት ይወርዳል። መንገዱ መሃሉ ከፍ ብሎ ጎንና ጎኑ ቦይ ይኑረው፤ ቦዩም ወደ ኩሬው ይሂድ።

2. ቦታ ምረጡ

ቀዩ ውሃ ሁሉ በራሱ ቁልቁለት የሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ፈልጉ። ሦስት ቦታዎችን ግን ከወዲሁ ሰርዙ።

አንደኛ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ላይ አትገድቡ። ሁለተኛ፣ ከቁፋሮው ግድግዳ አናት ጀርባ ኩሬ አታስቀምጡ። ከኩሬው የሚሰርገው ውሃ ዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ከጀርባ ይገፋዋል፤ ሰዎቻችሁ ደግሞ ከሥሩ ናቸው። ሦስተኛ፣ ቁፋሮው በሁለት ዓመት ውስጥ የሚደርስበት ቦታ ላይ አትሥሩ፤ ልታፈርሱት ነው።

ኤክስካቫተር ደለሉን ለማውጣት የሚደርስበት መንገድም ያስፈልጋል። ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ኩሬው ሲሞላ ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

3. የጠርሙስ ሙከራ

ላቦራቶሪ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ሥሩ፤ ወጪ የለውም። ሳይቱ ላይ ከሚፈሰው ጎርፍ አንድ ጠርሙስ ቅዱ። ዝናብ ከሌለ ከመንገዱ ላይ ሁለት ማንኪያ አፈር ውሃ ውስጥ በጥብጡ። ውሃው ከሥሩ እስከ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በደንብ ነቅንቁና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ወዲያ አትንኩት።

- በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሥሩ ላይ የሚታየው አሸዋ ነው።
- እስከ 10 ደቂቃ የሚወርደው እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ያለው ደቃቅ አፈር ነው።
- እስከ 2 ሰዓት ተኩል የሚወርደው እስከ 0.005 ሚሊ ሜትር ያለው ነው።
- በማግስቱ ጠዋት ውሃው አሁንም ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ከመሰለ፣ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሸክላ አለበት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅንጣቷ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የመስመጥ ፍጥነቷ በአራት እጥፍ ይቀንሳል። የ0.02 ሚሊ ሜትር ቅንጣት በሰዓት 1.3 ሜትር ያህል ትሰምጣለች። የ0.002 ሚሊ ሜትሯ በሰዓት 1.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ፤ 1.5 ሜትር ጥልቀት ለመውረድ አምስት ቀን ያህል ይፈጅባታል። ያውም ፍጹም በረጋ ውሃ ውስጥ። ኩሬ ደግሞ ፍጹም አይረጋም፤ ነፋስ አለ፣ የሚገባ ውሃ አለ።

ስለዚህ ጠርሙሱ በማግስቱም ካልጠራ፣ ኩሬውን እጥፍ ብታደርጉትም ብቻውን አይበቃም። ደረጃ 11ን ከአሁኑ በበጀት ያዙ።

4. መጠኑን አስሉ

አንድ ነገር በቃል ያዙ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከዚህ በኋላ ካልኩሌተር ይበቃል።

የወረደው ሁሉ አይፈስም፤ ከፊሉ ይሰርጋል። ለተገፈፈና በመኪና ለተደለደለ መሬት ከ0.7 እስከ 0.9 ያለውን ድርሻ ውሰዱ። ሣር ላለበት መሬት 0.3 አካባቢ ይበቃል። ለምሳሌያችን 0.7 እንውሰድ።

40 ሄክታር × 60 ሚሊ ሜትር × 10 × 0.7 = 16,800 ሜትር ኩብ።

ይህ ለውሃው ብቻ ነው። ለደለሉ ቦታ ካልተውን የመጀመሪያው ወቅት የውሃውን ቦታ ይበላዋል። እኔ ለአንድ ሄክታር የተገፈፈ መሬት 100 ሜትር ኩብ ይዤ እነሳለሁ። ተዳፋቱ ከባድ ከሆነ እጨምራለሁ፤ ከአንድ ወቅት በኋላ በራሱ በሳይቱ ልኬት አስተካክለዋለሁ። ስለዚህ 4,000 ሜትር ኩብ። ድምሩ 20,800።

ከቁፋሮው ጉድጓድ በፖምፕ የምታወጡት ውሃ ወደዚሁ ኩሬ ይገባል? እንግዲያው ይደመር። በሰከንድ 30 ሊትር የሚገፋ ፖምፕ በቀን 2,592 ሜትር ኩብ ያወጣል። ይህን አለመቁጠር የተለመደ ስህተት ነው። አማራጩ ዝናብ ሲመጣ ፖምፑን አጥፍቶ ጉድጓዱ ለጊዜው ውሃ እንዲይዝ መፍቀድ ነው፤ ያኔ ማን እንደሚያጠፋው በስም ይጻፍ።

5. ቅርጹን አውጡ

የውሃውን ጥልቀት 2 ሜትር ካደረግን፣ 16,800 ለ 2 ሲካፈል አማካይ ስፋቱ 8,400 ካሬ ሜትር ይሆናል። የደለሉ 4,000 ሜትር ኩብ በዚሁ ስፋት ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ይወስዳል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ደረስን። ርዝመቱ የወርዱን ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ወደ 159 ሜትር በ53 ሜትር። ለምን ረጅም? ውሃ ሰነፍ ነው፤ ከመግቢያው ወደ መውጫው አቋራጭ ይፈልጋል። አቋራጩ አጭር ከሆነ የቀረው ኩሬ ረግቶ ይቀመጣል እንጂ አይሠራም።

አንድ ሳይት ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ኩሬው ትልቅ ነበር፣ ስሌቱም ትክክል። የሚወጣው ውሃ ግን ቡናማ። በዝናብ መሃል ግድቡ ላይ ቆሜ መግቢያው ላይ አንድ እፍኝ ገለባ በተንኩ። ገለባው ኩሬውን ዞሮ ያያል ብዬ ስጠብቅ፣ በጎን በኩል ተንሸራቶ አራት ደቂቃ ሳይሞላ መውጫው ፍርግርግ ላይ ተለጠፈ። መግቢያውና መውጫው በአንድ ጎን ነበሩ። ሦስት አራተኛው ኩሬ ጌጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የቦታው ቅርጽ ረጅም ኩሬ ካልፈቀደ፣ መሃል ላይ ውሃውን እየቀለበሰ የሚያዞር መጋረጃ ወይም የአፈር ግድግዳ አስገቡ። መግቢያው አጠገብ ደግሞ ከጠቅላላው 10 በመቶ ያህል የሆነ ትንሽ ቅድመ ኩሬ በድንጋይ ክትር ከልሉ። አሸዋው እዚያ ይቀራል፤ ለመጥረግም ትልቁን ኩሬ መንካት የለባችሁም።

6. መውጫውንና ማስተንፈሻውን ለኩ

ሁለት መውጫ ያስፈልጋል። አንዱ የዘወትር ነው፣ ውሃውን በዝግታ የሚለቅ። ሌላው የአደጋ ጊዜ ማስተንፈሻ ነው፣ ከተነደፈለት የበለጠ ዝናብ ሲመጣ ግድቡን የሚያድን።

የዘወትሩ፦ 16,800 ሜትር ኩብ በ48 ሰዓት ይውጣ ካልን አማካዩ በሰከንድ 0.097 ሜትር ኩብ ነው። ኩሬው ሲሞላ ግፊቱ ስለሚበልጥ ከፍተኛው የአማካዩ እጥፍ ይሆናል፣ 0.194። በ2 ሜትር የውሃ ግፊት ይህን የሚያሳልፍ ክብ ቀዳዳ ስፋቱ ከጫፍ ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አዎ፣ ይህን ሁሉ ውሃ የሚቆጣጠረው አንድ ድስት የሚያህል ቀዳዳ ነው። «ትንሽ ናት» ብላችሁ አታስፉት። ቀዳዳው ሲሰፋ ውሃው ሳይጠራ ይወጣል።

በዚህ ፍጥነት ኩሬያችን እስከ 0.005 ሚሊ ሜትር ያሉ ቅንጣቶችን ይይዛል። ወደ ጠርሙሱ ተመለሱ፤ 2 ሰዓት ተኩል ቆይቶ ያልጠራው ውሃ እዚህም አይጠራም። ሁለቱ ቁጥሮች የሚገጣጠሙት በአጋጣሚ አይደለም፤ ያው የመስመጥ ፍጥነት ነው።

የአደጋ ጊዜው፦ እዚህ የሚያስፈልገው የቀኑ መጠን ሳይሆን የጎርፉ ከፍተኛ ጉልበት ነው። የዝናቡ ጥንካሬ በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 0.7 × 80 × 40 ለ 360 ሲካፈል በሰከንድ 6.2 ሜትር ኩብ ያህል ይመጣል። በ50 ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ይህን ለማሳለፍ ማስተንፈሻው 10.5 ሜትር ይሰፋል። የሚነደፈው ኩሬው አስቀድሞ ሞልቶ፣ የታችኛው ቱቦም ተደፍኖ እንደሆነ ታስቦ ነው። መጥፎ ቀን ሲመጣ ብቻውን አይመጣም።

የግድቡ ቁመት እንግዲህ ይደመራል፦ ለደለል 0.5፣ ለውሃ 2፣ ከቋሚው ቱቦ (ቀዳዳዋ ያለችበት) አፍ እስከ ማስተንፈሻው ወለል 0.15፣ ማስተንፈሻው ሲፈስ 0.5፣ ከዚያ በላይ ትርፍ ከፍታ 0.5። 3.65 ሜትር። አፈሩ ሲረጋ ስለሚወርድ 5 በመቶ ጨምሩና 3.85 አድርጋችሁ ሥሩት።

7. በቅደም ተከተል ቆፍሩ

የመቀልበሻ ቦዩ መጀመሪያ፣ ኩሬው ሁለተኛ፣ መሬቱን መግፈፍ መጨረሻ። ብዙ ሳይቶች ይህን ገልብጠው ይሠሩታል፤ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ እንዳይቆም ተብሎ መሬቱ ይገፈፋል፣ ኩሬው «በኋላ» ይባላል። ከዚያ ዝናቡ ይቀድማል።

ቦዮቹ ቁልቁለት ላይ ከሆኑ በየመሃሉ የድንጋይ ክትር ሥሩ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ከዚያ ካራራቃችኋቸው መሃል ላይ ያለው መሬት ይሸረሸራል። የክትሩ መሃል ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ውሃው ጎን ለጎን ዞሮ ዳርቻውን ይበላል።

8. ግድቡን ሥሩ

ግድቡ የሚያርፍበትን ቦታ ሣሩን፣ ሥሩንና ለም አፈሩን ግፈፉ። ለም አፈሩን አትጣሉት፤ ለመልሶ ማልማት ያስፈልጋል፣ ለብቻው ከምሩት። ከግድቡ መሃል ሥር ቢያንስ 1 ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍራችሁ በሸክላ አፈር ሙሉት። ይህ ቁልፍ ነው፤ ውሃ ከግድቡ ሥር ሾልኮ እንዳይወጣ ይዘጋል።

በውሃው በኩል ያለው ተዳፋት 3 ለ 1 (3 አግድም ለ 1 ቁመት)፣ በውጭ በኩል 2.5 ለ 1፣ አናቱ 4 ሜትር ይስፋ። በዚህ ልክ የግድቡ እግር ብቻ 25 ሜትር ይወስዳል። ቦታ ስትመርጡ ቁጠሩት።

አፈሩን 20 ሴንቲ ሜትር እያነጠፋችሁ ጠቅጥቁ። የሥራ ዝርዝሩ ላይ 95 በመቶ ፕሮክተር (በላቦራቶሪ ከሚገኘው ከፍተኛ ጥቅጥቅነት 95 በመቶ) ይላል፤ ፈታሹ ሳይመጣ ግን በእጃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። አፈሩን ጨብጡና ድቡልቡል አድርጉት፤ በጣታችሁ ስትጫኑት ለሁለት ለሦስት ከተሰነጠቀ ልክ ነው። ከተበተነ ደርቋል፣ ውሃ ርጩበት። እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ ረጥቧል፤ ገልብጡትና ይናፈስ። ረጥቦ የተጠቀጠቀ አፈር እንደ ጎማ ይለጠጣል እንጂ አይጠብቅም።

ገልባጭ መኪና ስለተመላለሰበት «ተጠቅጥቋል» አይባልም። ጎማው የሄደበት መስመር ብቻ ነው የጠበቀው።

⚠ ተረፈ ድንጋይ በነጻ አለ ብላችሁ ግድብ አትሥሩበት። ውሃ ያሳልፋል፤ ፓይራይት ካለበት ደግሞ ግድቡ ራሱ አሲድ ያመነጫል።

9. ቱቦውን ቅበሩ

ትንንሽ የአፈር ግድቦች ብዙ ጊዜ የሚከዱት እዚህ ነው። ውሃ በቱቦውና በአፈሩ መሃል ቀጭን መንገድ ያገኛል፣ አፈሩን ቅንጣት በቅንጣት ይወስዳል፣ አንድ ቀን ግድቡ ውስጥ ዋሻ ይሆናል።

ትልቁ ሮለር ቱቦው ሥር አይደርስም። ስለዚህ በሁለቱም ጎን በ10 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ በእጅ መጠቅጠቂያ ሥሩ። ሁለቱን ጎን እኩል አሳድጉ፤ አለዚያ ቱቦው ይገፋል። በውጭው በኩል ባለው የግድቡ ክፍል ላይ ቱቦውን ዙሪያውን በታጠበ አሸዋ ክበቡት፣ መውጫውንም በጠጠር ጨርሱ። አሸዋው ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል።

ቋሚው ቱቦ ባዶ ሲሆን ሊንሳፈፍ ይችላል። 1 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለው ቱቦ ወደ 2 ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ክብደቱን ያጣልና ከሥሩ ቢያንስ 1.75 ሜትር ኩብ ኮንክሪት እሰሩለት። አፉ ላይ ፍርግርግ ይግጠምለት። 25 ሴንቲ ሜትሯ ቀዳዳ የምትቀመጠው ከደለሉ ቦታ በላይ ነው።

አቅም ካላችሁ ውሃውን ከላይ የሚቀዳ ተንሳፋፊ መውጫ (ስኪመር) ይሻላል። ኩሬ ውስጥ የሚጠራው ከላይ ነውና።

10. ማስተንፈሻውንና መውጫዎቹን አልብሱ

ማስተንፈሻው የሚቆፈረው ከግድቡ ጎን ባለው ያልተነካ መሬት ውስጥ እንጂ በተሞላው አፈር ላይ አይደለም። ወለሉ በሌቭል ጠፍጣፋ ይሁን፤ አንድ በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ውሃው ሁሉ እዚያ ይሰበሰብና ይቆርጠዋል። ጂኦቴክስታይል አንጥፉ፣ ከላዩ ድንጋይ። ጨርቁ ከሌለ ውሃው በድንጋዮቹ መሃል አፈሩን ይመጠዋል፣ ድንጋዩ ይሰምጣል።

የቱቦው መውጫና የኩሬው መግቢያም እንዲሁ።

11. ጠርሙሱ አልጠራ ላለው

ፍሎኩላንት ደቃቅ ቅንጣቶችን አያይዞ ያከብዳቸዋል። መጠኑን ከሻጩ ወረቀት አትውሰዱ፤ በራሳችሁ ውሃ በስድስት ጠርሙስ የተለያየ መጠን ሞክሩና በትንሹ የጠራውን ምረጡ። ማብዛት አያጠራም፣ እንዲያውም መልሶ ያደፈርሰዋል። የሚጨመረው ውሃው በሚናጥበት ቦታ፣ ከቅድመ ኩሬው በፊት ባለው ቦይ ላይ ነው።

⚠ ፍሎኩላንት ስትገዙ አሉታዊ ሙል ያለውን ፖሊአክሪላማይድ (አንዱ የፍሎኩላንት ዓይነት ነው) ጠይቁ። አዎንታዊ ሙል ያለው የዓሣ ስንጥብ ላይ ተጣብቆ ይገድላል። ውሃው አሲድ ከሆነም መጀመሪያ ፒኤቹ በኖራ ይስተካከል።

12. ጠብቁት

ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ፣ ዝናብ ባይኖርም በሳምንት አንዴ፣ በእግር ዙሩት። ከመኪና መስኮት አይታይም። የዝናቡን መጠን፣ ኩሬው በስንት ሰዓት እንደፈሰሰ፣ የመውጫውን ፒኤችና ጥራት መዝግቡ። 48 ሰዓት ይፈጅ የነበረው 80 ከፈጀ ፍርግርጉ ተደፍኗል።

ኩሬው ውስጥ ካስማ ትከሉና የደለሉን ቦታ ግማሽ፣ ማለትም ከወለሉ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። ደለሉ ቀዩን ሲነካ ጥረጉ። ያወጣችሁትን ደለል የሚያንጠባጥበው ውሃ ተመልሶ ወደ ኩሬው በሚገባበት ቦታ ከምሩት።

⚠ ደለሉ ላይ ማንም አይራመድ። ላዩ ደርቆ መሬት ይመስላል፤ ከሥሩ ጭቃ ነው፣ ሰው ይውጣል። ኤክስካቫተሩ ከዳር ሆኖ ይሥራ።

ግድቡ ላይ ዛፍ አይብቀል። ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል። የአይጥና የፍልፈል ጉድጓድም ወዲያው ተቆፍሮ ይጠቅጠቅ።

በውጭው ተዳፋት ላይ እርጥበት ካያችሁ በጠርሙስ ቅዱት። የጠራ ከሆነ ምልክት ተክላችሁ በየቀኑ ተከታተሉ። ከደፈረሰ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ከታች ያሉትን ሰዎች አንሱ፣ የውሃውን ከፍታ ዝቅ ማድረግ ጀምሩ፣ መሐንዲስ ጥሩ። የሚወጣበትን ቀዳዳ በሸክላ አትድፈኑ፤ ውሃው ሌላ መውጫ ይቆፍራል። አሸዋ፣ ከላዩ ጠጠር ጫኑበት፤ ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ውሃውንም በአንድ ጊዜ አታውርዱት፤ የራሰው የውስጥ ተዳፋት ድጋፉን ሲያጣ ይንሸራተታል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ኩሬውን ለመንገድ መርጫ ውሃ ማጠራቀሚያ ማድረግ። ቦቴው የሚቀዳው ውሃ ካስፈለገ ለብቻው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ የጎርፉን ቦታ አትውሰዱ።
- መውጫው ላይ ቫልቭ ካለ ዘግቶ መርሳት። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሌሊቱ ሽፍትም ይወቅ።
- ማስተንፈሻው ላይ መኪና እንዲያልፍ ብሎ አፈር መሙላት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለአንድ ቀን ተብሎ የተሞላ አፈር አራት ወር ቆየ።
- ሳይቱ ሲሰፋ ኩሬውን እንዳለ መተው። 40 ሄክታሩ 55 ሲሆን ደረጃ 4 እንደገና ይሠራል፤ 16,800ው 23,100 ሆኗል።
- ፍንዳታ ከግድቡ አጠገብ ማካሄድ። ፍንዳታው እየቀረበ ከመጣ ከእያንዳንዱ በኋላ ግድቡ ላይ ስንጥቅ መኖሩን እዩ።
- ቁፋሮው ሲያልቅ ኩሬውን ቶሎ ማፍረስ። መሬቱ ሣር ለብሶ የሚመጣው ውሃ በጠርሙስ ሙከራ እስኪጠራ ይቆይ። መቀልበሻ ቦዮቹ የሚፈርሱት ከኩሬው በኋላ ነው።